ሃይፋን ከላይ ወደ ታች፦ የቀርሜሎስን ከተማ ሳይደክሙ የሚያዩበት መንገድ

ሃይፋ በቀርሜሎስ ተራራ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያረፈች የእስራኤል የወደብ ከተማ ናት። ወደቡ፣ የባቡር ጣቢያዎቹና የባሕር ዳርቻዎቹ ከግርጌ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ሃዳር የሚባለው አሮጌው የገበያና የመኖሪያ ሰፈር በተራራው ወገብ ላይ ይገኛል፤ ካርሜል የሚባለው ሰፈር ደግሞ ከጫፉ ላይ ተቀምጧል። እንግዳ ሰው በባቡር ስለሚደርስ ጉብኝቱን የሚጀምረው ከግርጌ ነው፤ ዓይኑም ወደ ላይ ስለሚሳብ በእግሩ መውጣት ይጀምራል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ፤ የተማርኩትም እናቴን አድክሜ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፦ ሃይፋ ውስጥ ወደ ላይ በተሽከርካሪ ይወጣል፣ ወደ ታች በእግር ይወረዳል። ሰዓቶቹን የጻፍኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በከተማዋ ሰሌዳዎች ላይ ከተጻፈው ጋር ለማስተያየት ስድስት ይጨምሩበት።

1. ቀኑን መምረጥ

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ካለው ጊዜ አንዱን ቀን ቢመርጡ ይሻላል። ባቡር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ቅዳሜ ማታ ስለሚጀምር፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ የመጣ ሰው መመለሻውን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ሃይፋ ከአብዛኞቹ የእስራኤል ከተሞች የምትለየው በሰንበትም የተወሰኑ አውቶቡሶች የሚሠሩባት በመሆኗ ነው፤ ሰንበትን የማይጠብቅ ሰው ቅዳሜን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቁጥራቸው ግን አነስተኛ ስለሆነ ጥበቃው ረጅም ነው።

ከወቅቶቹ መካከል እኔ የማደላው ለየካቲትና ለመጋቢት ነው። ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሸለቆዎቹ አበባ ይለብሳሉ፣ አየሩም ጥርት ሲል በባሕረ ሰላጤው ማዶ አኮ የምትባለውን ከተማ አልፎ እስከ ሊባኖስ ድንበር ያሳያል። በሐምሌና በነሐሴ ከሙቀቱ ይልቅ የሚጎዳው እርጥበቱ ነው።

2. ከጣቢያው ወደ ጫፉ

ከሦስቱ ዋና የሃይፋ ጣቢያዎች ሃሽሞና በሚባለው ይውረዱ፤ ከዚያ ፓሪስ አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ካርሜሊትን ያገኛሉ። ካርሜሊት በ1959 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በተራራው ሆድ ውስጥ በዋሻ የሚሄድ የገመድ ባቡር ነው፤ ሁለት ባቡሮች በገመድ ተሳስረው አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ስድስት ጣቢያዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 274 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። የሚከፈለውም ለአውቶቡስና ለባቡር በሚያገለግለው በተለመደው የራቭ ካቭ ካርድ ነው። የባቡሩ ወለልና የጣቢያዎቹ መድረክ ሁሉ በደረጃ የተሠሩ ስለሆኑ የሕፃን ጋሪ ይዞ መሳፈር ከባድ ነው፤ ልጅ ያለው ሰው ሕፃኑን ቢያዝል ይሻለዋል፣ አለዚያም አውቶቡስ ይያዝ። በሰንበት ካርሜሊት አይሠራም።

የመጨረሻው ጣቢያ ጋን ሃኤም ይባላል። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ እዚያ ለመገኘት ይሞክሩ።

3. ሰገነቱ

ከጣቢያው ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ዬፌ ኖፍ የሚባለውን ጎዳና ያገኛሉ፤ ስሙ በዕብራይስጥ ውብ ዕይታ ማለት ነው። በጎዳናው ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ወደቡንና መላውን ባሕረ ሰላጤ ቁልቁል ያሳያል። እዚህ ሳልቆም ያለፍኩበት ጊዜ የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከወረራው ሸሽተው ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከተሳፈሩ በኋላ ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. የደረሱት በዚህ ወደብ ነበር፤ ከዚህም በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከገባች ሦስት ቀን ብቻ ሆኗት ነበር። ይህን የነገርኩት ኢትዮጵያዊ እንግዳ ሁሉ ከዚያ በኋላ ወደቡን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

4. የባሃኢ መናፈሻ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። የባሃኢ መናፈሻ ከተራራው ጫፍ እስከ ግርጌው በ19 እርከኖች የወረደ የአትክልት ስፍራ ነው። መሐሉ ላይ ወርቃማ ጉልላት ያለው መቃብር ይገኛል፤ የተቀበረው የባሃኢ ሃይማኖት አብሳሪ የሆነው ባብ ነው። እርከኖቹ ለሕዝብ የተከፈቱት በ2001 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መግቢያው በነጻ ነው። ችግሩ ግን መናፈሻው ከሩቅ ሲታይ አንድ ረጅም ደረጃ ይምሰል እንጂ፣ ጎብኚ በራሱ ፈቃድ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄድበት አለመሆኑ ነው። በሮቹ የተለያዩ ናቸው፦ አንዱ ላይ ዬፌ ኖፍ ጎዳና፣ አንዱ መሐል ላይ ሃጺዮኑት ጎዳና፣ አንዱ ታች ቤን ጉሪዮን ጎዳና ጫፍ። በአንዱ በር የገባ ሰው በዚያው ይወጣል፤ በእርከኖቹ መውረድ የሚቻለው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ በነሐሴ ወር እናቴን ይዤ በታችኛው በር በኩል ሄድኩ። ጉልላቱ ፊት ለፊታችን ያበራ ስለነበር በዚያ ገብተን ቀስ እያልን እንወጣለን ብዬ ነበር። ጥበቃው ከታችኛው አደባባይ በላይ ማለፍ እንደማይቻል ሲነግረን መመለስ ሲገባን፣ በጎን ባሉት የሰፈር ደረጃዎች ላድርሳት ብዬ ተነሣሁ። በስልኬ ካርታ ላይ ርቀቱ ጥቂት መቶ ሜትር ነበር፤ ካርታው ያልነገረኝ ግን ያ ርቀት ወደ ላይ መሆኑን ነው። እናቴ ግማሽ መንገድ ላይ ከንፈሯ ደርቆ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ በድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከአንድ ቤት የወጡ ሴት ወይዘሮ ወንበርና ውኃ ሰጡን፤ ቋንቋ ሳንግባባ እጇን ይዘው አጠገቧ ቆዩ። የመቃብሩ ክፍል የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብቻ ስለነበረ፣ ስንደርስ በሩ ተዘግቶ አገኘነው። እናቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ በዬፌ ኖፍ በኩል ያለውን የላይኛውን ሰገነት ይመልከቱ፤ መናፈሻው በሙሉ ከነባሕሩ የሚታየው ከዚያ ነው፣ ለፎቶግራፍም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከዚያ በሕዝብ ደረጃዎች ወደ ሃጺዮኑት ጎዳና ይውረዱና 5 ሰዓት ሳይሞላ ወደ መቃብሩ ክፍል ይግቡ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፤ ውስጥ መብላትና ማስቲካ ማኘክ አይፈቀድም፣ ወደ መቃብሩም የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። ለእኛ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

5. ደረጃዎቹን መውረድ

የሃይፋ የተሰወረ ውበት ያለው በደረጃዎቿ ላይ ነው። ከካርሜል እስከ ግርጌ ድረስ በቤቶች መካከል የሚወርዱ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ የወይን ሐረግ የተንጠለጠለባቸው፣ ድመቶች የሚተኙባቸው፣ በየመታጠፊያው ባሕሩ ብቅ የሚልባቸው ናቸው። ለጎብኚ ምልክት የተደረገላቸውም አሉ፤ እኔ ግን ምልክቱን ከመከተል ይልቅ ደረጃውን ማወቅን እመርጣለሁ።

የሕዝብ ደረጃ እንደ ማንኛውም ጎዳና የስም ሰሌዳና የብረት መደገፊያ አለው። ሰሌዳ የሌለው ደረጃ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በሰው ግቢ ነው፤ ከወረዱ በኋላ ያንኑ ያህል ተመልሶ መውጣት ይጠብቅዎታል። ስልክዎ ላይ ካርታ ሲከፍቱ በእግር የሚሄዱ መሆንዎን ይምረጡ፤ የመኪናውን መንገድ ከተከተሉ በጠመዝማዛው አስፋልት ሦስት እጥፍ ያዞርዎታል። ድንጋዮቹ በዘመናት እርምጃ የለሰለሱ ስለሆኑ ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታሉ፤ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፣ በነጠላ ጫማ አይሞክሩት። ጉልበት የሚያመው ሰው መደገፊያውን ይዞ ሰውነቱን ገደድ አድርጎ ቢወርድ ሕመሙ ይቀንስለታል። ሲመሽ በሸለቆዎቹ አቅራቢያ የዱር አሳማዎች እስከ መንገድ ድረስ ይወጣሉ፤ ራቅ ብለው ያሳልፏቸው፣ ምግብም አይስጧቸው። በዓለቶቹ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ሽኮኮዎች ግን ቆም ብለው ቢያዩ፣ መዝሙረ ዳዊት ድንጋዮች ለሽኮኮ መሸሸጊያ ናቸው ያለው በዓይን የሚታይ ነው።

6. ምሳ

ደረጃዎቹ ወደ ዋዲ ኒስናስ ያደርሱዎታል። ይህ የአረቦች ሰፈር ነው፤ ጠባብ የገበያ መንገዶቹ በአትክልት፣ በቅመማ ቅመምና በትኩስ ዳቦ የተሞሉ ሲሆኑ፣ በታኅሣሥ በሚደረገው «የበዓላት በዓል» በሚባለው ፌስቲቫል ሳቢያ ግድግዳዎቹ ላይ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎች ይታያሉ። የሚጾም ሰው እዚህ አይቸገርም፤ ፈላፌል፣ ሁሙስና ዛታር የተቀባ ቂጣ ሁሉም የጾም ነው። ክናፌ የሚባለው ጣፋጭ ግን አይብ አለበት። ባለሱቆቹ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ እሑድ የሚዘጉ አሉ፣ ቅዳሜ ግን ገበያው ሕያው ነው። ታች ቤን ጉሪዮን ጎዳና ላይ፣ ከጀርመን የመጡ ቴምፕላሮች የሚባሉ የክርስቲያን ማኅበር አባላት ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠሯቸው ባለ ቀይ ጣሪያ ቤቶች ውስጥ ያሉት ምግብ ቤቶች ያማሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከዋዲ ኒስናስ ይበልጣል፣ ጣዕማቸው አይበልጥም።

7. ከሰዓት በኋላ፦ ወደ ኤልያስ ዋሻ

አሁንም ወደ ላይ በእግር አይውጡ። ወደ ስቴላ ማሪስ የሚሄድ አውቶቡስ ይያዙ። ስቴላ ማሪስ በተራራው ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለ የቀርሜላውያን ገዳም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በቀትር ተዘግቶ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ይከፈታል። ከመንበሩ ሥር ነቢዩ ኤልያስ እንደኖረበት የሚታመን ዋሻ አለ፣ ጉልላቱም ላይ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ ተሥሏል።

አብዛኛው ጎብኚ ከዚህ ይመለሳል። እርስዎ ግን ከገዳሙ ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግረው ቁልቁል የሚወርደውን የእግር መንገድ ይፈልጉ። በግራዎ ሰማያዊው ባሕር ወለል ብሎ እየታየ፣ ቀድሞ የነፋስ ወፍጮ የነበረውን ትንሽ ጸሎት ቤት አልፎ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሌላው የኤልያስ ዋሻ ዘንድ ያደርሳል። ይህኛው በአይሁድ፣ በክርስቲያኖች፣ በሙስሊሞችና በድሩዞች ዘንድ የተከበረ ነው፤ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይጸልያሉ። ዓርብ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ በሰንበት ዝግ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በመጋቢት ወር እናቴን መልሼ ያመጣኋት ወደዚህ ነው፤ ዋሻው ውስጥ ሻማዋን አብርታ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች፣ እኔም አላቻኮልኳትም።

8. ባሕሩ

ከዋሻው ወደ ባት ጋሊም የባሕር ዳርቻ ቅርብ ነው። ባሕር አጠገብ ያላደገ ሰው፣ እንደ እኛ ያለ ማለቴ ነው፣ ውኃው ጸጥ ሲል ይታለላል። ዋና ጠባቂ በሌለበት ቦታና ሰዓት አይግቡ። ነጭ ባንዲራ መግባት እንደሚቻል፣ ቀይ አደጋ እንዳለ፣ ጥቁር ደግሞ መግባት ፈጽሞ ክልክል መሆኑን ያመለክታል። ከማዕበል መከላከያ የድንጋይ ግንቦች አጠገብ ውኃው ወደ ጥልቁ ይጎትታል፤ ከተወሰዱ ወደ ዳር ለመመለስ አይታገሉ፣ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ዋኝተው ከጉተታው ይውጡና ከዚያ ይመለሱ፤ መዋኘት ካልቻሉ ተንሳፍፈው እጅ በማንሣት ጠባቂውን ይጥሩ። በሐምሌ ገደማ ሜዱዛ የሚባለው እንደ ጄሊ ያለ ፍጡር ይበዛል፤ ቢያቃጥልዎ በንጹሕ ውኃ ሳይሆን በባሕሩ ውኃ ያጥቡት።

መዋኘት የማይፈልግ ሰው ወደ ደቡብ ወደ ሽቅሞና ይሂድ። ሰው የማይበዛበት ዓለታማ የባሕር ጥብቅ ስፍራ ነው። አጠገቡ ያለው የጥንት ጉብታ ከባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም ይወጣበት የነበረ የሥራ ቦታ እንደነበረ በቁፋሮ ታውቋል፤ በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ መጋረጃ የታዘዘው ሐምራዊ ግምጃ የሚነከረው እንዲህ ባለ ቀለም ነበር። ባሕሩ ረጋ ባለ ቀን በዓለቶቹ መካከል በሚቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ሸርጣንና ጥቃቅን ዓሣ ይታያል፤ ልጆችን ከዚያ ማንሣት ይከብዳል። ማዕበል ካለ ግን ዓለቱ ላይ አይውጡ።

ፀሐይ እዚያው በባሕሩ ውስጥ ትጠልቃለች። ከባት ጋሊም የባቡር ጣቢያው በእግር ይደረሳል፤ ወደ ደቡብ ርቀው ከሆነ ደግሞ ሆፍ ሃካርሜል ጣቢያ ከባሕር ዳርቻው አጠገብ ስላለ፣ እግርዎን ከአሸዋ አጥበው በዚያ ይሳፈሩ።