ድድ ሲደማ ቡርሹን አያስቀምጡ

ጠዋት ጥርስዎን ቦርሸው ሲተፉ ምራቁ ቀላ ብሏል እንበል። ብዙ ሰው «ቡርሹ ጠንክሮብኝ ነው» ይልና ያንን ቦታ መንካት ይተዋል። ችግሩን የሚያባብሰው ይሄ መተው ነው።

ጤነኛ ድድ በለስላሳ ቡርሽ አይደማም። የሚደማው ስለተቆጣ ነው። ጥርስና ድድ በሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ በየቀኑ ልስልስ ያለ ነጭ ነገር ይለጠፋል። ባክቴሪያ የሚራባው እዚያ ውስጥ ነው። ካልተጠረገ ድዱ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 12 ሰዎችን ጥርስ ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ ዳነ።

ስለዚህ የደማውን ቦታ አይሽሹት። ለስላሳ ቡርሽ ይያዙ፣ ፀጉሩን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል ያድርጉና በቀስታ ያንቀሳቅሱት። ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደሙ ሊቀጥል ይችላል፤ አይደንግጡ። ችግሩ ገና ከሆነ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ይቀንሳል። መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ጫፉ በደንብ ይላላ፣ አፋፋቁም ከድድ ወደ ጥርስ ይሁን። በጥርስ መሃል የገባ ሥጋን በስቴኪኒ ከመጎርጎር የጥርስ ክር ይሻላል።

ደም ሳይታይስ? በጎንደር፣ በወሎና በትግራይ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች አሉ። በጠቆረ ድድ ላይ መቅላት አይታይም። ስለዚህ ቀለሙን ትተው እብጠቱን፣ ደሙንና ሽታውን ይመልከቱ። ሲጋራም ያታልላል። የድድን ደም ስር ስለሚያጠብ በሽታው እያለ ደሙ ይቀንሳል።

ጥርስዎ የረዘመ ከመሰለ፣ ከተነቃነቀ ወይም ከድዱ መግል ከወጣ ነገሩ ከድድ አልፏል። ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም የሚሄድ በሽታ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄው ነው፤ ሰው ሕመም እስኪመጣ ይጠብቃል። ቆሻሻው ድንጋይ ሆኖ ከድድ ስር ስለተጣበቀ ቡርሽ አያነሳውም። የጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ ማሳጠብ ግድ ነው። «ጥርስ መታጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ያነቃነቀው እጥበቱ አይደለም። አጥንቱ ቀድሞ ሄዷል፤ ድንጋዩ ሲነሳ የተደበቀው ታየ። የሄደው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም፣ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሳደር ደግሞ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ለብ ያለ ጨው ውሃ ያስታግሳል፣ ድንጋዩን ግን አይነካውም።

ምክንያቱ ከአፍ ውጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር ሴት በሆርሞን ለውጥ ድዷ ሊያብጥ ይችላል፤ መቦረሽ አታቁም፣ ለጥርስ ሐኪሟም እርጉዝ መሆኗን ትንገር። ለግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኒቶይን ድድን ሊያሳብጡ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፣ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩ።

አንድ ነገር ግን ቀን አይሰጥም። የከሳ ወይም በቅርቡ ኩፍኝ ይዞት የነበረ ትንሽ ልጅ ድዱ ቆስሎ፣ ደምቶ፣ አፉ በጣም ከሸተተ ኖማ የሚባለው በሽታ እየጀመረው ሊሆን ይችላል። ኖማ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል፣ ይገድላልም። ሲጀምር ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ንጽሕናና በጥሩ ምግብ ይድናል። በዚያው ቀን ልጁን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።