የደብረ ሊባኖስን ገደል እንዴት እንይ? ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ብዙ ሰው ደብረ ሊባኖስ ይሄዳል፤ ገደሉን ግን አያየውም። አፋፉ ላይ ይደርሳል፣ ሰልፊ ይነሳል፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ መኪናው ውስጥ ነው። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ገደል ቁጭ ተብሎ የሚታይ ነገር መሆኑ የገባኝ ሁለተኛ ስሄድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ አፋፉ ላይ ሳትቸኩሉ የምትቀመጡበት ሁለት ሰዓት እንድታገኙ።

ቦታው ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰሜን ሸዋ፣ ሰላሌ ነው። ሸለቆው ውስጥ የሚወርደው ውሃ ወደ ጀማ ወንዝ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ ወደ ዓባይ። ጎጃም ድረስ ሳትሄዱ የዓባይን ሸለቆ አንድ ክንድ ታያላችሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

ፏፏቴ ማየት ከፈለጋችሁ ነሐሴና መስከረም ነው። ነሐሴ ላይ ግን ጉም አለ። መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ነጭ ግድግዳ አይታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ እየቀለድኩ አይደለም። ከጥር በኋላ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ውሃው ግን ክር ያህል ይቀጥናል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። የእኔ ምርጫ የመስከረም መጨረሻ ነው። ዝናቡ ወጣ ብሏል፣ ውሃው አልደረቀም፣ መንገዱ ዳርና ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ነው።

ከዚያ የወሩን ቀን ተመልከቱ። 24 የተክለ ሃይማኖት ነው። ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 ትልልቆቹ በዓላት ናቸው፤ መንገዱም ገዳሙም በሰው ይሞላል። ለንግሥ የምትሄዱ ከሆነ እሰየው። ለገደሉ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሁን፣ ቢቻል ከሰኞ እስከ ሐሙስ።

አንድ ነገር ደግሞ አትዝለሉ። ከመውጣታችሁ በፊት የዚያን ሰሞን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮች ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሉ ይቅር፤ ገደሉ የትም አይሄድም።

ምን ልያዝ?

ደህና ሶል ያለው ሸራ ጫማ። አለቱ እርጥብ ሲሆን ያዳልጣል፣ ነጠላ ጫማ አድርገው እየተንከላወሱ የሚወርዱ ሰዎችን ሳይ ልቤ ነው የሚወርደው። ጠዋት ብርድ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አናት የሚበሳ ፀሐይ ስላለ ጃኬትም ኮፍያም ያስፈልጋል። ውሃ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ትልቅ ሃይላንድ። ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ። ለመግቢያና ለአስጎብኚ ዝርዝር ብር። ገዳሙ ለመግባት ያሰቡ ሴቶች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ። አቅርቦ ማሳያ መነጽር ያለው ዘመድ ካላችሁ ለምኑ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

ምሳ ደግሞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወይም ሁዳዴ ከሆነ ጥብስ ጥብስ እያላችሁ አትሂዱ። ሽሮ አለ።

ጉዞው

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከከተማ ውጡ። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ፣ ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። ፍቼን ካያችሁ አልፋችኋል፣ ተመለሱ። በሕዝብ ትራንስፖርት የምትሄዱ የፍቼ መኪና ያዙና ገና ስትሳፈሩ ለረዳቱ "ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ወራጅ ነን" በሉት፤ እንቅልፍ ቢጥላችሁ እንኳ ይቀሰቅሳችኋል። ከመገንጠያው ወደ ቀኝ ነው። እስከ ገዳሙ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ፤ ስትመለሱ ዳገት እንደሚሆን አትርሱ።

መንገዱ ላይ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። እስከ መገንጠያው ድረስ ሜዳ ነው፣ ሜዳ፣ ከብት፣ የጤፍ ማሳ፣ እንደገና ሜዳ። ገደል ይኖራል ብላችሁ አትጠረጥሩም። ከዚያ ትታጠፋላችሁ፣ ትንሽ ትሄዳላችሁ፣ መሬቱ በቃ ያልቃል።

ሰላምታ በኦሮምኛ ብትሞክሩ ደስ ይላቸዋል። "አካም ጅርቱ" (እንዴት ናችሁ) እና "ገለቶማ" (አመሰግናለሁ) ለቀኑ ይበቃችኋል።

ድልድዩ

ቀድማችሁ የፖርቹጋል ድልድይ ወደሚባለው ሂዱ። አፋፉ ላይ ካለው ሎጅ አጠገብ ጥቂት የእግር መንገድ ነው። መግቢያ ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ፣ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። አንዴ ሳልነጋገር ሄጄ ስመለስ ሦስት "አስጎብኚ" ነበረኝ።

ስሙ የፖርቹጋል ይሁን እንጂ ድልድዩን ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት፣ ሰላሌን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ጊዜውም 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አስጎብኚዎቹ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራና በሰጎን እንቁላል ነው ይሏችኋል። ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ከሥሩ ውሃው ያልፍና ጥቂት እንደሄደ ገደሉን ይዘላል። ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ እንዳትሄዱ። የምሬን ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁ።

አሁን ተቀመጡ

ከጠርዙ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጉ። ስልኩን ኪስ ውስጥ አስገቡት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም አይታያችሁም፤ "ትልቅ ነው" ብቻ ነው የሚታየው። ዓይን ገና መጠኑን አልለመደውም። ከዚያ ቀስ እያለ ይገለጣል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለው የአሸዋ ድንጋይ። መሃል ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ መሬት፣ እሱ ላይ እርሻ፣ እርሻው ጫፍ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጎጆ፣ ከጎጆዋ ጭስ። ያኔ ነው ጥልቀቱ የሚገባችሁ። ሰውየው ወፍጮ ቤት ለመሄድ የሚወጣውን መንገድ በዓይናችሁ ፈልጉለት።

ደግሞ ወፎቹ አሉ። ጥንብ አንሳን ሁላችንም ከታች ሆነን ነው የምናውቀው። እዚህ ግን ከበላዩ ናችሁ፤ ጀርባውን ነው የምታዩት። ጠጋ ብሎ ሲያልፍ ክንፉ አየሩን ሲሰነጥቅ ይሰማል፣ ሹክ ያለ ድምፅ ነው፣ ሸማ ሲቀደድ ዓይነት። አቅርቦ ማሳያ ለምኑ ያልኩት ለዚህ ነበር።

ፎቶ የግድ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አንሱ። ሸለቆው በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት፣ ከሰዓት ከጀርባችሁ ሆና ገደሉን ታበራዋለች።

ጭላዳ

ዕድለኛ ከሆናችሁ ብቻችሁን አትቀመጡም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የማይገኝ ፍጥረት ነው፤ ደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክት ታውቁታላችሁ፣ ወንዱ የአንበሳ የሚመስል ጋማ አለው። ሳር በል ነው። ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሳር እየነጨ ወደ አፉ ሲልክ ጎመን የምትቀነጥብ ሴትዮ ይመስላል። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ራሱ ይጠጋችኋል። የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ድዱን ካሳየ ግን ፈገግታ አይደለም፤ ራቁ ማለቱ ነው። ምግብ አትስጡ።

ገዳሙ አካባቢ ያለችው ጦጣ ሌላ ጉድ ናት። ዚፕ ሳልዘጋ ቦርሳዬን አጠገቤ አስቀምጬ አንድ ሙሉ አምባሻ ወስዳብኛለች፤ ዛፍ ላይ ሆና እያየችኝ ነው የበላችው።

ገዳሙን ሳያዩ መመለስ

ይቻላል፣ ግን አይመከርም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወቶች አሉት። ከፍ ብሎ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻና ጸበሉ አለ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የዚህን ገዳም መነኮሳትና ምእመናን ፈጅቷል፤ ግቢው ውስጥ ስትራመዱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

መመለሻ

ለማምሸት አታስቡ። ወደ አስር ሰዓት አካባቢ አንዴ ወደ አፋፉ ብቅ በሉ። ጭላዳዎቹ የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቶች ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው አንድ በአንድ ከጠርዙ ወደ ታች ይጠፋሉ። እሱን ካያችሁ ወደ መገንጠያው ውጡ፣ መኪና ጠብቁ። ሰላሌ የወተት አገር ነው። በራሳችሁ መኪና ከሆናችሁ ሱሉልታ ሳትደርሱ አንዱ ወተት ቤት ቆም በሉና ትኩስ ወተት በዳቦ እዘዙ።