«ማሽን ሥራችንን ወሰደ» የሚል ወሬ ከኮምቦልቻ ሲመጣ ዘጋቢ እንዴት ያጣራው?

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ወሬው ደሴ የሚገባው ሚኒባሱ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ወጥቶ ሳይጨርስ ነው። ምክንያቱም አብሮ ይመጣል፦ «ማሽን ገብቶ ነው»። እውነት ሊሆን ይችላል። ሳይጣራ ከተጻፈ ግን ጉዳቱ ለሠራተኛዋ ነው፤ ማሽኑ ሲወቀስ መልስ መስጠት የነበረበት ሰው ሳይጠየቅ ያልፋል።

መጀመሪያ ቀኖቹን ደርድሩ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ምርት በሰጠችው በአጎዋ ኢትዮጵያ የነበራትን ከቀረጥ ነጻ ዕድል አቋረጠች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ መለዋወጫ ከውጭ የሚያስመጣ ሁሉ ወጪው በብር ሲሰላ ናረ። ቅነሳው ከእነዚህ ለአንዱ ከቀረበ፣ ከማሽኑ በፊት ስለ እሱ ጠይቁ። ዘመን አቆጣጠር ላይም ተጠንቀቁ፦ የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ ምርት ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ግን በፈረንጆቹ ዓመት ሊያሰላ ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማነጻጸር ትልቅ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ ማሽኑን በሥራው ጥሩት፤ «ሮቦት» ብላችሁ አትለፉት። ጨርቅ ስለሚሸበሸብና ስለሚንሸራተት፣ ሁለት ቁራጭ አገጣጥሞ መርፌው ሥር የሚመራው በአብዛኛው ዛሬም የሰው እጅ ነው። ማሽን ቶሎ የሚተካው ዙሪያውን ያለውን ነው፦ ጨርቅ ማንጠፍ፣ መቁረጥ፣ ክር መበጠስ። የመጨረሻውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በድሮው ማሽን ስፌቱ ሲያልቅ ኦፕሬተሯ መቀስ አንስታ ክሩን ትቆርጣለች፣ የተረፈውን ሄልፐሯ (ረዳቷ) ታጸዳለች። በአዲሱ ፔዳሉ በተረከዝ ወደ ኋላ ሲረገጥ ሥሩ ያለው ቢላ ራሱ ይቆርጠዋል። ኦፕሬተሯ ወንበሯ ላይ ናት፤ የጠበበው የሄልፐሯ ቦታ ነው። ስለዚህ በየላይኑ (በየምርት መስመሩ)፣ በየፈረቃውና በየሥራ መደቡ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ስንት ሰው እንደነበረ፣ አሁንስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሽመና ክፍል ከሆነ፣ አንድ ሠራተኛ ስንት ማሽን እንደሚጠብቅ።

«የተፈጠረ የሥራ ዕድል» የሚባለውን ቁጥር እንዳለ አትቀበሉ። በዓመት 1,000 ሰው ተቀጥሮ 900 ከለቀቀ የተጨመረው 100 ነው።

ሕጉን ያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን ለሠራተኛ ቅነሳ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቀበላል። ይህ ለአሠሪው ነጻ ፈቃድ አይደለም፤ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከርና የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይከተሉታል። የስንብት ክፍያው ስሌት ይህ ነው፦ በመጨረሻው ሳምንት የቀን ደመወዟ በአማካይ 100 ብር የሆነና 4 ዓመት የሠራች ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ 3,000 ብር ታገኛለች፤ ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የዚህ ሲሶ እየተጨመረ ሌላ 3,000። በቅነሳ ስለወጣች የ60 ቀን፣ 6,000 ብር ይታከላል። ጠቅላላው 12,000 ብር። «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ከፈረመች ግን ስሌቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ምን እንደፈረመች አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ወረቀቱንም በዓይናችሁ እዩ።

ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው በር ውሰዱ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚወጣው በፌዴራል ነው፤ የፓርኩ ባለቤትም የፌዴራል ኮርፖሬሽን ነው። የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ግን የክልሉ ቢሮ ሥራ ነው፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በክልሉ ሥር ናቸው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ነው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ዘጋቢ «እኛን አይመለከትም» እየተባለ ሳምንቱን ይጨርሳል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተቋቋመው በ2014 ነው፤ ከዚያ በፊት ሥልጠና፣ ሥራ ፈጠራና የሠራተኛ ጉዳይ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ስለነበሩ፣ የቆዩ ቁጥሮች ከየትኛው እንደመጡ ጻፉ።

ኮሌጅ ስትገቡ የተመራቂ ብዛት አትጠይቁ። ሠልጣኙ ማሽን ላይ ስንት ሰዓት ቆመ? በፋብሪካ ውስጥ የሚሰጠው የትብብር ሥልጠና የት ነበር? የወርክሾፑ ማሽን ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ አለው?

ሠራተኛዋን በር ላይ፣ ጥበቃው እያየ አታነጋግሩ። ስሟን መተው ብቻውን አይሸፍናትም፤ «የማታ ፈረቃ፣ ሦስተኛ ላይን፣ ሄልፐር» ካላችሁ ሱፐርቫይዘሩ ወዲያው ይለያታል። ፈረቃውንና ላይኑን አውጡ፤ ድምፅ ከሆነ በሌላ ሰው አስነብቡት፤ ከመታተሙ በፊትም ጽሑፉን አንብቡላት።