ስኳርንና ጨውን በኤሌክትሪክ በመፈተን ኮቫለንታዊ ውሁድን መለየት

በባሕር ዳር የሚገኙ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ኮቫለንታዊ ውሁድን (አተሞቹ ኤሌክትሮኖችን በጋራ በመያዝ የተሳሰሩበትን) ከአዮናዊ (አዮን ከሚባሉ የኤሌክትሪክ ሙል ካላቸው ቅንጣቶች ከተሠራው) ለመለየት ስኳርና ጨው ይበቋቸዋል። በቅድሚያ ሁለት ንጹሕ ብርጭቆዎች፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ባለ 470 ኦም ሬዚስተርና ሽቦ ይዘጋጁ። ውሃው ከጣና ወይም ከቧንቧ የተቀዳ መሆን የለበትም፤ ሁለቱም የሟሙ ማዕድናት አዮኖችን ስለያዙ፣ ስኳር ሳይጨመርባቸው እንኳ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ውጤቱን ያዛባሉ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ተስማሚ ነው፤ ሆኖም አደገኛ ከሆነው የባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ በመያዣው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥንቃቄ ይነበብ።

በአንዱ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስኳር፣ በሌላው ጨው ይሟሟ። ባትሪው፣ ሬዚስተሩና አምፖሉ በተከታታይ ከተገናኙ በኋላ፣ ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ሳይነካኩ በመጀመሪያ በስኳሩ፣ ቀጥሎ በጨው ሙሙት ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ይነከሩ። አምፖሉን የሚያበራው ጨው ብቻ ነው። በስኳር ሞለኪውል ውስጥ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን በጋራ ስለሚይዙ፣ ስኳር ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ እንዳሉ እርስ በርስ ይራራቃሉ እንጂ የኤሌክትሪክ ሙል የሚሸከሙ አዮኖች አይፈጠሩም።

ስኳር በማንኪያ ላይ በሻማ ነበልባል ሲሞቅ ቀልጦ ይጠቁራል፤ ጨው ግን ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ኮቫለንታዊ ትስስር ደካማ ነው ይላሉ፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ስሕተት ነው። ደካማው በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ ሲሆን፣ አተሞችን የሚያያይዘው ትስስር ግን ብርቱ ነው፤ አተሞቹ ሁሉ በዚሁ ትስስር የተያያዙበት አልማዝ እጅግ ጠንካራ የሆነውም ስለዚህ ነው።

በመጨረሻም የእርሳስ እምብርት በሽቦዎቹ መካከል ይሞከር፤ በውስጡ ያለው ግራፋይት ኮቫለንታዊ ቢሆንም፣ በንብርብሮቹ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች ስላሉት አምፖሉን ያበራል።