ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ስልክ ላይ ግን አይሠራም፦ ለብራውዘር ጨዋታ ጀማሪዎች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ጨዋታ መሥራት የሚጀምር ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ «የትኛው ጌም ኢንጂን (የጨዋታ መሥሪያ ዝግጁ መሣሪያ) ይሻላል?» የሚል ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። ጨዋታውን የሚከፍተው ማን ነው? በምን ዓይነት ስልክ? የዳታውንስ ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ውስጥ በዋይፋይ ሲሞከር ያማረው ጨዋታ አዘዞ ባለች እህት ስልክ ላይ፣ በሞባይል ዳታ ሲከፈት ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ከታች ከዘረዘርኳቸው ችግሮች ውስጥ ዋነኞቹ የኮድ ስህተት ይመስላሉ እንጂ የሚመነጩት ከምርጫ ነው።

ሊንኩ ይከፈታል፣ የመጫኛው መስመር ግን አይሞላም

መንስኤው በአብዛኛው የኢንጂኑ የራሱ ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብቅ ያለው፣ በጃቫስክሪፕት የሚሠራበት ኢንጂን ፌዘር የተጨመቀ ፋይሉ ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም፤ ጨዋታችሁ ከዚያ በላይ የሚመዝነው እናንተ በጨመራችሁት ሥዕልና ድምፅ ልክ ነው። ጎዶት 4 በተባለው ኢንጂን ጨዋታችሁን ወደ ድር ስታወጡ የኢንጂኑ ፋይል ብቻውን፣ ሳይጨመቅ፣ ከ30 ሜጋባይት ያልፋል። ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) ጨምቆ ከላከው በብዙ ይቀንሳል፤ ሆኖም ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ሥዕል ከማየቱ በፊት ስልኩ ያንን ሁሉ ፈትቶ ማዘጋጀት አለበት። የሌላው ኢንጂን፣ የዩኒቲ፣ የድር ውጤትም ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ከዩኒቲ 6 በፊት የነበሩት ስሪቶች የስልክ ብራውዘርን በይፋ አይደግፉም ነበር። በድሮ ስሪት የተሠራ ጨዋታ ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚያሳየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከጨዋታው ተነሡ። ገበጣ ልትሠሩ ከሆነ ጉድጓዶች፣ ጠጠሮችና ተራ መቁጠር ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ለዚህ ዩኒቲን መክፈት ለአንድ ጀበና ቡና የድግስ እሳት እንደ ማንደድ ነው። ፌዘር ይበቃል፤ ጃቫስክሪፕት በደንብ ለሚያውቅ ሰው ያለ ምንም ኢንጂንም ይሠራል። ዘሎ የሚሮጥ፣ መሰናክል የሚያልፍ የቱዲ ጨዋታ ከሆነም ምክሬ ያው ፌዘር ነው። ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ሰው ጂዲቬሎፕ ጥሩ መነሻ ነው፤ ክፍት ምንጭ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ስሪትም አለው።

የፋሲል ግቢን በስሪዲ ዞሮ የሚያሳይ ነገር ካሰባችሁ ግን ምርጫው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ስሪ ጄኤስ የሥዕል ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ግድግዳ እንዳታልፉ የሚያግደውን፣ ድምፁን፣ ደረጃዎቹን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ባቢሎን ጄኤስ ከዚህ ብዙውን አብሮ ይዞ ይመጣል። ፕሌይካንቫስም ጥሩ ነው፤ ማዘጋጃው ግን በኢንተርኔት ላይ ስለሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራችሁም ይቋረጣል። ጎዶትን የምመርጠው ጨዋታው በብራውዘር ብቻ ሳይሆን በአንድሮይድ መተግበሪያነትም እንዲወጣ ሲፈለግ ነው። ያኔም ቢሆን በጎዶት የራሱ ቋንቋ፣ በጂዲስክሪፕት፣ ጻፉ፤ ጎዶት 4.4 እንኳ በሲ ሻርፕ የተጻፈ ፕሮጀክትን ወደ ድር አያወጣም። ይህን ከወራት ሥራ በኋላ ማወቅ ልብ ይሰብራል።

የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ይሆናል

ይህን ከሁሉም በላይ ማብራራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በሌላ ቋንቋ የተዘጋጁ መማሪያዎች አይነግሯችሁም። ተመሳሳይ የሚመስሉ ሦስት ችግሮች አሉ።

አንደኛው፣ ፊደሉ በሳጥን ሳይሆን በተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ከተተካ፣ ችግሩ ፎንት አይደለም። ፋይሉ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አልተቀመጠም፣ ወይም ገጹ ይህን አላወጀም። ሁለቱንም አስተካክሉ፤ ያልቃል።

ሁለተኛው የጎዶት ነው። ኢንጂኑ ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ የለውም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ስትሞክሩት የጎደለውን ፊደል ከዊንዶውስ ፎንቶች ስለሚበደር ምንም አይታወቃችሁም፤ ብራውዘር ውስጥ ግን መበደር አይችልም፣ ሳጥን ብቻ ይቀራል። መፍትሄው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብቶ ዋና ፎንት ማድረግ ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ሦስተኛው የፌዘር ነው፤ ይበልጥ ያደናግራል። ጽሑፉ አንዴ በመረጣችሁት ፎንት፣ አንዴ በሌላ ይወጣል። ፌዘር ጽሑፉን ሸራው ላይ የሚስለው አንድ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ፎንቱ ወርዶ ካላለቀ ባገኘው ፎንት ይስላል፤ ትክክለኛው ሲደርስም ተመልሶ አይስልም። ስለዚህ ብራውዘሩ ፎንቱን አውርዶ መጨረሱን እስኪያሳውቅ ድረስ የመጀመሪያውን ትዕይንት አታስጀምሩ።

ፊደላቱ በሥዕል የተዘጋጁበትን ፎንት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የእኛ ፊደል 33 በ7 ሆኖ 231 መሠረታዊ ቅርጽ አለው፤ ዲቃሎቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ይበዛል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሥዕል ፎንት በጭራሽ አይሠራም። ጨዋታው ውስጥ የሚታዩትን ፊደላት ብቻ ለቅማችሁ የራሳችሁን አዘጋጁ፤ ፋይሉም ይቀላል።

ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ ጥቁር ስክሪን ብቻ

ብራውዘር ከዲስክ በቀጥታ የተከፈተ ገጽ ሌሎች ፋይሎችን እንዲጠራ አይፈቅድም፤ የደህንነት ሕጉ ነው። ኮዳችሁ ደኅና ነው። ገጹን በትንሽ የራሳችሁ ሰርቨር በኩል ክፈቱት፤ በኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ላይ ላይቭ ሰርቨር የሚባለውን ተጨማሪ ብትጭኑ ወይም ፓይተን ይዞት የሚመጣውን ሰርቨር ብታስነሡ ይበቃል። ሁለተኛው ምንም ማውረድ አይጠይቅም፣ ፓይተን ካላችሁ።

ጥቁሩ ስክሪን የጎዶት ከሆነና ስህተቱ «ሼርድ አሬይ በፈር» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጎዶት 4 የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ብዙ ክር (ትሬድ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) በአንድ ጊዜ ያሠራሉ። ብራውዘሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ከተገለጠ በኋላ ይህን የሚፈቅዱት ሰርቨሩ የተለየ መግለጫ ሲልክ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ወጣው 4.3 ወይም ከዚያ በኋላ ወዳለው ተሻገሩና የክር ድጋፉን አጥፍታችሁ አውጡ።

ላፕቶፔ ላይ ሥዕሉ አለ፣ ድረ ገጹ ላይ ጠፋ

ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ አብዛኛው ሰርቨር ሊኑክስ ስለሆነ ይለያል። ሁሉንም የፋይል ስም በትንሽ ፊደል ብቻ፣ ያለ ክፍተት ጻፉ።

ስልኩ ይግላል፣ ብራውዘሩም በራሱ ይዘጋል

የሥዕሉን ፋይል መጠን አይታችሁ አትታለሉ። 300 ኪሎባይት የሆነ ሥዕል ስፋቱ 4096 በ4096 ከሆነ፣ ሲፈታ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚወስድ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ 64 ሜጋባይት ይይዛል። አራት እንዲህ ያሉ የግንብ ሥዕሎች 256 ሜጋባይት ናቸው፤ ራሙ አነስተኛ የሆነ ስልክ ይህን አይሸከምም። ሥዕሉን ይበልጥ ወደሚጨመቀው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ዌብፒ፣ መቀየር ማውረዱን ያፋጥናል እንጂ ይህን አይቀንሰውም። 2048 በ2048 ብታደርጉት በአንድ ጊዜ ወደ 16 ሜጋባይት ይወርዳል።

ድምፅ የለም

ብራውዘሮች ተጫዋቹ ስክሪኑን ሳይነካ ድምፅ አያሰሙም። «ጀምር» የሚል ቁልፍ አስቀምጡና ድምፁን ከዚያ ንክኪ አስነሡት።

ጓደኛዬ ስልክ ላይ ጨዋታው እጥፍ ይሮጣል

ገጸ ባሕርያችሁን በየፍሬሙ (ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር) በቋሚ ርቀት ነው የምታንቀሳቅሱት ማለት ነው። አንዱ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፣ ሌላው 120። ፍጥነቱን በሁለት ፍሬሞች መካከል ባለፈው ጊዜ አባዙት። ይህ ከመጀመሪያው ቀን መጻፍ ያለበት መስመር ነው፤ ጨዋታው ካደገ በኋላ ሁሉንም ቁጥር እንደ ገና መለካት ይጠይቃል።

ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ሲቀየር ቁልፎቹ አይሠሩም

ኮዳችሁ የሚያዳምጠው የተጻፈውን ፊደል ከሆነ፣ በአማርኛ አቀማመጥ የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ነው። ብራውዘር የቁልፉን ቦታ ለብቻው ያሳውቃል፤ እሱን አዳምጡ። የቀስት ቁልፎችንም ሁልጊዜ ጨምሩ።

መብራት ሲጠፋ ሥራዬ ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሮጀክቱ አይነሣም

ሁለቱም የመሣሪያ ምርጫ ናቸው። ለመጀመሪያው፣ የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው መሣሪያ ጊት ኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ ሆኖ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ እወቁ፤ አንድ ነገር በሠራችሁ ቁጥር መዝግቡ፣ መስመሩ ሲመጣ ወደ ውጭ ላኩ። ለሁለተኛው፣ ኢንጂኑን ከሌላ ሰው ሰርቨር በሊንክ አትጥሩ፤ ፋይሉን አውርዳችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀምጡ፣ የመመሪያ ገጾቹንም እንዲሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ጥቅሎችን የሚያወርድ አደረጃጀት ለመጀመሪያ ጨዋታ አያስፈልግም። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ ከቪኤስ ኮድ ይልቅ ጊያኒ ወይም ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይቀላል።

በስልክ ለመሞከርም ዳታ ማቃጠል የለባችሁም። ላፕቶፑንና ስልኩን በአንድ ዋይፋይ ወይም በስልኩ ሆትስፖት አገናኙና የላፕቶፑን የውስጥ አድራሻ (አይፒ) በስልኩ ብራውዘር ጻፉ፤ ፋይሉ በመካከላቸው ብቻ ይመላለሳል። ብራውዘሩ ይህን አድራሻ ደህንነቱ እንደተጠበቀ ገጽ ስለማይቆጥረው አንዳንድ ነገሮች፣ ለምሳሌ የጎዶት ክሮች፣ እምቢ ይላሉ። ያኔ አንድሮይዱን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና ከክሮም የገንቢዎች መሣሪያ የፖርት ማስተላለፊያውን አብሩ፤ ስልኩ ገጹን የራሱ አድርጎ ይከፍተዋል፣ የስህተቱም መልእክት ላፕቶፑ ላይ ይነበባል።