የአያት ጠመንጃ ካዝና ሲፈለግ

ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ሱሉልታ ያለው ቤቴ ሰው ይበዛበታል። ሠራዊት ውስጥ በመሣሪያ ጥገና እንዳገለገልኩ የሚያውቅ ሁሉ ለአርበኞች በዓል ይዞት የሚወጣውን ጠመንጃ አምጥቶ «ጋሼ፣ ካዝናው ጠፍቷል፣ ከየት ላምጣ?» ይለኛል። ካዝና የሚሉት ጥይት የሚሞላበትን ሳጥን ነው። እኔ መጀመሪያ ፈቃዱን እጠይቃለሁ፤ የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 የአያት ቅርስ ነው ብሎ አይምርም። ከዚያ መዝጊያውን ስቤ የጥይት ማደሪያውን፣ ማለትም ጥይቱ ለመተኮስ የሚገባበትን የበርሜል ጫፍ፣ በጣቴ እዳስሳለሁ። «ባዶ ነው» የሚል ቃል አላምንም።

አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ካዝና የለም። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ካዝና ኖሮት አያውቅም፤ አንድ አጉርሰህ አንድ የምትተኩስበት ነው። ሌላው የፈረንሳይ ጠመንጃ ለበን 8 ጥይት የሚይዘው ከበርሜሉ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ነው። ቤልጂግ የሚባለው የቤልጂየም ጠመንጃ 5 ጥይቱን ሆዱ ውስጥ ይዟል። ከምላጩ ፊት ያለችውን ቀዳዳ በሹል ነገር ተጭነህ የታች ክዳኑን ወደ ኋላ ብትገፋው ሞላው ጥይቱን ወደ ላይ ከሚያነሳው ገፊ ጋር ይወጣል። ስትመልሰው የሞላው ጠባብ ጫፍ ወደ ገፊው፣ ሰፊው ወደ ክዳኑ ይሁን።

የጣሊያኑ ካርካኖ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። 6 ጥይት ከነቆርቆሮ መያዣው ከላይ ይገባል፤ የመጨረሻው ጥይት ወደ ማደሪያው ሲገባ ባዶው መያዣ ከታች ባለው ክፍተት ይወድቃል። ያንን ክፍተት አይቶ «ክዳኑ ወድቋል» ብሎ ላሜራ ያስበየደበት ሰው አጋጥሞኛል። ላሜራው እስኪነሳ መያዣው መውጫ አጣ። መፈለግ ያለበት መያዣው ነው፤ ያለ እሱ ጠመንጃው እንደ ውጅግራ አንድ በአንድ ነው የሚጎርሰው። አሜሪካ ሠራሹ ኤም ዋን ጋራንድም 8 ጥይት የሚይዝ የራሱ መያዣ አለው፤ እሱ ግን ሲያልቅ ወደ ላይ ይተፋዋል።

እውነተኛ ተነቃይ ካዝና ያለው የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ነው፤ 10 ጥይት ይይዛል። ካዝና ከመግዛትህ በፊት ከሁለቱ ሞዴሎች ቁጥር 1 ይሁን ቁጥር 4 ለይ። አፈሙዙ ከፊት ብረቱ ጋር እኩል የቆመና የኋላ ማነጣጠሪያው በርሜሉ መሃል ላይ ያለ ቁጥር 1 ነው። አፈሙዙ ወጣ ያለና የኋላ ማነጣጠሪያው ወደ ዓይን የቀረበ ቁጥር 4 ነው። የአንዱን ለሌላው አትሞክር።

ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ ልክ ላይመጣ ይችላል፤ ካዝናውን ከጠመንጃው ጋር አንድ በአንድ ማስማማት ያስፈልጋል። የፊቱን ጫፍ አስገብተህ ኋላውን ወደ ላይ ግፋ፤ በምላጩ መከላከያ ውስጥ ያለው መንጠቆ «ቀጭ» ብሎ መያዝ አለበት። ከዚያ ባሩድና ካፕሱል የሌላቸው የሙከራ ጥይቶች ሙላ። የዚህ ጥይት ቀለህ ጠርዝ አለው፤ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ፊት ካልተቀመጠ ይጠላለፍና መዝጊያው አልገፋ ይላል። መዝጊያውን ቀስ ብለህ ግፋ። ጥይቱ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ከተቸነከረ ወይም ከካዝናው ቀድሞ ከዘለለ፣ የካዝናውን ከንፈር፣ ጥይቱን ከላይ የሚይዘውን የታጠፈ ጠርዝ፣ በፒንሳ በጣም በጥቂቱ አስተካክልና ደግመህ ሞክር። ሞረድ የሚያነሳ ሰው ሳይ ያናድደኛል፤ የታጠፈ ከንፈር ይመለሳል፣ የተሞረደ አይመለስም። የጠመንጃውን አካል ደግሞ ጨርሶ አትንካ።