የፈረንጆችን ገና አውሮፓ ለማሳለፍ፦ ከለገጣፎ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ለሚነሱ

በታኅሣሥ አውሮፓ የሚሄድን ሰው ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚያስጠነቅቀው ስለ ብርዱ ነው። ብርዱን ጥሩ ልብስ ይመልሰዋል። ጉዞን አብዝቶ የሚያበላሸው የቀንና የሰዓት ስሌት ስለሆነ ዝግጅቱን ከዚያ ጀምሩ። ዲሴምበር 25 በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 16 ይውላል፤ አዲስ ዓመታቸው ታኅሣሥ 23፣ የእኛ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው። ታኅሣሥ 26 ገደማ የሚመለስ ሰው የእነሱን በዓላት አይቶ ለራሱም ገና ቤቱ ይደርሳል።

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ (ሸንገን በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው) ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጥብቋል፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ታኅሣሥ መባቻ ላይ ለመብረር ያሰበ ሰው ማመልከቻው ቢዘገይ ቢዘገይ በጥቅምት አጋማሽ መግባት አለበት፤ የቀጠሮ ወረፋው ደግሞ ለብቻው ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ቀጠሮ ያዙ፣ መስከረም ላይ አስገቡ። ፓስፖርቱ እስከ ውሳኔው ከእጃችሁ ስለሚወጣ በመሀል ዱባይ ደርሼ ልምጣ ማለት የለም።

የምታመለክቱት ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በመላው ሸንገን የሚሠራ ይሁን። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቆይና 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በባንክ ስቴትመንቱ ነው። ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከዘመድ ተሰብስቦ በአንዴ የገባ ገንዘብ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ገንዘቡ የራሳችሁ ከሆነና ከመኪና ወይም ከቤት ሽያጭ የመጣ ከሆነ ውሉን አያይዙ። ዘመድ ቤት ለሚያርፍ ሰው ተራ የግብዣ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ጀርመን ያለ አስተናጋጅ ከውጭ ዜጎች ቢሮ የኃላፊነት ሰነድ፣ ፈረንሳይ ያለ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት የማረፊያ ማረጋገጫ ያወጣል። በሸገር ከተማ ሥር የምትኖሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ፦ የይዞታ፣ የጋብቻና የንግድ ሰነዶቻችሁ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ከሆኑ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሙ።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይዞ ከፓሪስ ለንደን ወይም ቤልግሬድ ደርሼ ልመለስ የሚል ሰው፣ ሁለቱም ከሸንገን ውጭ ስለሆኑ መመለሻ የለውም። ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት፤ ሮማንያና ቡልጋሪያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል።

ቲኬቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች ብዙዎቹ እኩለ ሌሊት ገደማ ይነሳሉ። ቲኬቱ ዲሴምበር 21፣ 00:15 ካለ በእኛ አቆጣጠር ገና ታኅሣሥ 11 ሌሊት 6 ሰዓት ከ15 ነው። ቀኑን ብቻ አይቶ ታኅሣሥ 12 ማታ ሻንጣውን የሚያነሳ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል። ለዚህ በረራ 3 ሰዓት ማታ ላይ ቦሌ መገኘት አለባችሁ፤ ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ ከለገጣፎ በአያትና በመገናኛ የሚመጣ ሰው የሥራ መውጫ መጨናነቅ ስለሚጠብቀው ከ12 ሰዓት በፊት ይነሳ። ዳር ላይ ማታ በስልክ የተጠራ መኪና ሊቀር ስለሚችል የሰፈር ሹፌር በዋዜማው ተነጋግራችሁ ያዙ። በመሀል ሌላ አውሮፕላን የምትቀይሩ ከሆነ ሸንገን በምትገቡበት የመጀመሪያ ኤርፖርት 3 ሰዓት ያህል ይኑራችሁ፤ በኦክቶበር 2025 የተጀመረው አዲሱ የድንበር ምዝገባ ወረፋውን ሊያስረዝም ይችላል።

ልብሱን በንብርብር አስቡት። ሥጋ የሚነካው ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይበርዳል። በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ መያዝ አይመችም፤ ባቡሩና ሱቁ ውስጥ ማሞቂያ ስላለ በየደቂቃው ማውለቅ ይመጣል። ጫማው ሶሉ ጥርስ ያለው ጎማ፣ ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ፣ ከወትሮው በግማሽ ቁጥር የሚሰፋ ይሁን። ለስላሳ ሶል ያለው የቢሮ ቆዳ ጫማ በረዶ ላይ ያንሸራትታል። ሳልባጅ ተራ ጥሩ ጃኬት ይገኛል፤ ዚፑንና የውስጥ ስፌቱን ፈትሹ። ከዚያ ለመሞከር ልብሱን ለብሳችሁ ንጋት ላይ ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁሙ። እዚህ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል፤ እዚያ አትጠብቁት። ስቶክሆልም በዚያ ወቅት የቀን ብርሃኑ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ውጭ የሚታየውን ጠዋት ጨርሱ።

ሥጋና የወተት ውጤት ወደ ኅብረቱ አገሮች በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብና ዶሮ ወጥ ኤርፖርት ላይ ይወረሳሉ። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ያዙ። ሽሮው ለጾሙም ይጠቅማል፤ የእነሱ ገና በጾመ ነቢያት መካከል ስለሚውል የበዓሉ ገበያ ላይ ከሚሸጠው አብዛኛው ቋሊማ፣ አይብና ቅቤ ነው። የተጠበሰ ድንች እንኳ እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ቪጋን (ከእንስሳት ውጤት ነፃ) የሚል ምልክት ፈልጉ። ቼስትነት የሚባለው የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ ያለ ሥጋት ይበላል። ትኩስ መጠጥ ስትገዙ ለኩባያው መያዣ ይከፈላል፤ ኩባያውን ስትመልሱ ገንዘቡን ተቀበሉ።

ከሁሉም በላይ የምግብ ግዢያችሁን ዲሴምበር 23 ጨርሱ። ጀርመን ውስጥ ሱቆች በ24ኛው ቀን ከቀትር በኋላ ይዘጋሉ፣ 25ና 26ም ዝግ ናቸው። የኑረምበርግ የገና ገበያም በ24ኛው ቀን ያበቃል፤ ለገበያው ብሎ በ25 የሚደርስ ሰው ባዶ አደባባይ ያገኛል። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ዲሴምበር 25ና ጃንዋሪ 1፣ በተጨማሪም ማክሰኞ ማክሰኞ አይከፈትም። ለንደን ለብቻው ቪዛ አውጥቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ በ25ኛው ቀን የምድር ውስጥ ባቡሩ ስለማይሠራ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ማረፊያ ይያዝ።